የተዘረፈ ቅኔ፣ የተሰረቀ ሪፍ

ጥያቄ፦ «እኔና ሦስት ጓደኞቼ አዘዞ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ጓሮ እየተለማመድን ግሩቭ ሜታል የተባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት እንጫወታለን። ዘጠኝ ሥራዎች ያሉበት አልበም ቀድተን ጨርሰን ለእርስዎም ልከናል፤ ሰባተኛው ያልተጠናቀቀ፣ ቁጥር ለመሙላት ያስገባነው ነው። አንድ የሰማው ሰው ‹ይህ ፓንቴራ ነው፤ ፓንቴራም ራሱ ከኤክስሆርደር የሰረቀ ነው፤ እናንተ የሌባ ሌባ ናችሁ› አለን። ሌላው ደግሞ ‹ማሲንቆ ጨምሩበት፤ ያን ጊዜ የራሳችሁ ይሆናል› ይለናል። አልበሙን ማውጣት ፈርተናል። አንድ ሙዚቃ የራስ ሥራ ነው የሚባለው መቼ ነው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አልበማችሁን ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሦስተኛውን ጊታር ይዤ፣ እያቆምኩና እየመለስኩ። ከሁለቱ አስተያየት ሰጪዎች የመጀመሪያው የነገራችሁ ግማሽ እውነት ነው። የሁለተኛው ምክር ግን ከስድቡ ይበልጥ ይጎዳችኋል። በየተራ እመጣባቸዋለሁ። አስቀድሜ የሁለቱን የአሜሪካ ሜታል ቡድኖች፣ የፓንቴራንና የኤክስሆርደርን፣ ነገር ላጥራ፤ ብዙ ሰው በስማ በለው የሚያወራው ጉዳይ ነውና።

ኤክስሆርደር በ1985 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተመሠረተ ቡድን ነው (ስለ ውጭዎቹ ቡድኖች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ አልበሙ «ስሎተር ኢን ዘ ቫቲካን» ለገበያ የቀረበው በኦክቶበር 1990 ነው። የፓንቴራ «ካውቦይስ ፍሮም ሄል» ግን በጁላይ 1990 ወጥቷል፤ ሦስት ወር ይቀድማል። ቀኑን ብቻ የሚያይ ሰው «ቀድሞ የወጣው ከኋለኛው እንዴት ይሰርቃል?» ብሎ ክርክሩን ይዘጋል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። የኤክስሆርደር ሥራዎች አልበም ከመሆናቸው ከዓመታት በፊት በማሳያ ካሴት ይዞሩ ነበር። የፓንቴራው ድምፃዊ ፊል አንሴልሞ ደግሞ የዚያችው የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ሲወዱ ያደጉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ አልሰማም ማለት ይከብዳል።

ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙ። ዝምድናቸው አይካድም፤ ድምፃዊው ቃላቱን እንደ ጡጫ የሚወረውርበት መንገድና ጊታሩ ከሩጫው ድንገት ወርዶ፣ ከብዶ የሚራመድበት ቦታ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው ግን ከዝምድናቸው ይበልጣል። ኤክስሆርደር ሁለት ጊታር ያለው ቡድን ነው፤ ልቡም አሁንም ትራሽ ሜታል ነው። ይሮጣል፣ ይጨናነቃል፤ ከባዱ ቦታ በሩጫው መካከል የሚመጣ ማረፊያ ነው። ፓንቴራ ያንን ማረፊያ መኖሪያ ቤት አደረገው። አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፤ ሌላ የለም። ጊታሪስቱ ዳይምባግ ዳረልና ድራመሩ ቪኒ ፖል ወንድማማቾች ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ስለተጫወቱ ጊታሩ ሲያርፍ ትልቁ ከበሮ አብሮት ያርፋል፤ ሲነሣም አብሮት ይነሣል። ዳረል ሶሎ ሲጫወት በብዙ ቦታ ከሥሩ ሌላ ጊታር የለም፤ ቤዝና ድራም ብቻቸውን ይቆማሉ። ሙዚቃውን ያከበደው ያ ባዶ ቦታ ነው። አባታቸው ቴክሳስ ውስጥ የቀረፃ ስቱዲዮ የነበረው የካንትሪ ሙዚቃ ሰው ስለነበር፣ ዳረል የብሉዝ ጊታሪስቶችን ጣት በቅርብ እያየ አደገ። አውታሩን ገፍቶ የሚያስለቅስበት እጅ ከዚያ የመጣ ነው፤ ከኒው ኦርሊንስ ካሴት የሚገኝ አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ፓንቴራ መንገድ ተምሯል እንጂ ሥራ አልሰረቀም። የኤክስሆርደር ስም የሚገባውን ያህል አለመነሣቱ ግን ከልቤ ያሳዝነኛል። ሁለተኛ አልበሙን በ1992 አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። በዚያው ዓመት የወጣው የፓንቴራ «ቨልጋር ዲስፕሌይ ኦቭ ፓወር» ዓለምን ዞረ፤ ተከታዩም በ1994 በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ በአንደኝነት ገባ። ይህ የገበያና የዕድል ታሪክ ነው። አንዱ መክበሩና ሌላው መረሳቱ የስርቆት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። «ካውቦይስ ፍሮም ሄል» የፓንቴራ አምስተኛ አልበም ነው። ከ1983 እስከ 1988 አራት አልበሞች አውጥተዋል፤ የመጀመሪያዎቹም በዘመኑ ፋሽን የነበረውን ግላም ሜታል የተከተሉ ነበሩ፤ የሮክ ቡድኖቹን እነ ኪስንና እነ ቫን ሄለንን እያዩ። የራሳቸውን ድምፅ ያገኙት ሲመስሉ ከርመው፣ መምሰሉን እስኪጠግቡት ድረስ ተጫውተው ነው። ዳረል በዲሴምበር 2004 መድረክ ላይ በጥይት ሲገደል፣ የቫን ሄለን ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለን ቢጫና ጥቁር መስመር ያለበትን የራሱን ጊታር በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ አብሮት እንዲቀበር አደረገ። ከማን እንደተማረ ሳይደብቅ የኖረ ሰው ነው እንዲህ ያለ ሽኝት የሚያገኘው።

ወደ ኋላ ብንቆጥር ደግሞ ማቆሚያ የለንም። ይህ ከባድ ድምፅ ራሱ ከየት መጣ? በእንግሊዟ በርሚንግሃም በብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ አውታሮቹን በቀጫጭን ተካቸው፤ በ1971 በወጣው የቡድኑ የብላክ ሳባዝ አልበም ላይም ቅኝቱን በአንድ ቶን ተኩል ዝቅ አድርጎ አላላው። ከእርሱ በኋላ ጊታሩን አላልቶ የሚጫወት ሜታል ተጫዋች ሁሉ ያንን የቆሰለ እጅ መላ ይዋሳል። ሌባ የሚለው ግን የለም። መሣሪያው፣ ቅኝቱ፣ ፍጥነቱ፣ የአጯጯሁ ስልት የጋራ ነው። የእኛው የኮፒራይት አዋጅም (ቁጥር 410/1996) የሚጠብቀው ሐሳብን ወይም ስልትን ሳይሆን ተገልጾ የወጣውን ሥራ ነው።

ይህን ለጎንደር ልጅ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ቅኔ ቤት ያለፈ ዘመድ የሌለው በመካከላችን ጥቂት ነው። ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ የተባለው ስምንት ቤት። ልኩ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ሁሉም በዚያው ልክ ይሰፋል። ተማሪው ከጉባኤው ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ የጓደኛን ይዞ መምጣትማ አይታሰብም። እንግዲህ ይህን ያልነበረ ነገር የመፍጠር ሥራ አባቶቻችን ምን ብለው ጠሩት? ዘረፋ! «ቅኔ ዘረፈ» እንላለን። ይህ አጠራር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስደንቀኝ ኖሯል። ከቋንቋው፣ ከመጽሐፉ፣ ከታሪኩ፣ ከልኩ እየወሰደ ማንም ያላየውን ምሥጢር ይዞ የሚመለስ ዘራፊ ነው፤ ይመሰገናል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ሌባ ነው፤ ያፍራል። ሁለቱም ይወስዳሉ፤ አንዱ ግን ይዞት የሚመለሰው ሲወስድ ያልነበረውን ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ሁለተኛው ሥራችሁ ስርቆት ነው። በቀጥታ የምናገረው ስለማከብራችሁ ነው፤ ማስረጃዬንም ላሳይ። ሪፉን፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣውን የጊታር ሐረግ፣ ድምፁን ትቼ ምቱን ብቻ በጣቴ ጠረጴዛ ላይ መታሁት። አጠገቤ የነበረ የጊታር ተማሪዬ አንድ ዙር ሳልጨርስ የፓንቴራን ዘፈን በስሙ ጠራው፤ ያለ ኖታ፣ ያለ ጊታር። ኖታዎቹን አየሁ፤ ከስድስቱ አምስቱ ያው ናቸው። መሣሪያው ሁሉ ድንገት የሚቆምበትን ቦታ አየሁ፤ ያው ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ድምፃዊው ብቻውን የሚጮኸውም ያው ነው። ከአንድ ሰው ምቱን መውሰድ መማር ነው። ምቱን፣ ኖታውን፣ ዝምታውንና ጩኸቱን አንድ ላይ፣ በዚያው ቅደም ተከተል መውሰድ ግን ሥራውን ራሱን መውሰድ ነው። ከአልበሙ አውጡት። በልምምድ ጊዜ ተጫወቱት፤ ጥሩ መምህር ነው።

የቀሩትን ሁሉ በዚሁ ዓይነት በጠረጴዛው ላይ ፈተንኳቸው። ፓንቴራን ያስታውሳሉ እንጂ አይገጥሙም። ለምን እንደሚያስታውሱ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቹ ሪፎቻችሁ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ላይ የተሠሩ ናቸው። ይህ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ነው። የብሉዝ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉትም ይኸው ነው፤ ዳረል በቴክሳስ የጠጣው ወተት። ክራር ላይ ብትጫወቱት ማንም ሰው ባቲ ነው ይላል፤ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ግን ጆሮ ወዲያው ወደ ቴክሳስ ይሄዳል። ስለዚህ ሳትሰርቁም ትመስላላችሁ። በዚህ አትሸማቀቁ፤ ግን እወቁት።

ወደ ማሲንቆው። አምስተኛው ሥራችሁ ሲጀምር አርባ ሴኮንድ የሚያህል ማሲንቆ አለ፤ ደስ የሚል ትዝታ። ከዚያ ድራሙ ይወርዳል፣ ጊታሩ ይገባል፤ ማሲንቆው ይጠፋል፤ ተመልሶም አይመጣም። ጊታሩ ማሲንቆው የተናገረውን አልሰማም፤ አልመለሰለትምም። እንግዳን በር ላይ ተቀብሎ ቤት ሳያስገቡ መሸኘት ነው። «ማሲንቆ ጨምሩበት» ያላችሁ ሰው የራስ ሥራ ማለት ከላይ የሚነሰነስ ቅመም መስሎታል።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሁለት አዝማሪዎች ይኖሩ ነበር። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር፣ ማታ፣ ከድንኳኑ ውጭ ቆሜ ውስጥ የሚጫወተው የትኛው እንደሆነ ሳላይ አውቅ ነበር። ዜማው አንድ ነው። ቅኝቱ አንድ ነው። የሁለቱም ማሲንቆ ከአንድ ዓይነት የፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። አንደኛው ግን ደጋኑን የሚመልሰው ምቱ ላይ አልነበረም፤ ምቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ወዲያውም ትንሿ ጣቱ አውታሩ ላይ ትርገበገባለች። ድምፁ ሊወድቅ የደረሰ ሰው ተንገዳግዶ እንደሚቆም ይሆን ነበር። ግጥሙን እንኳ ግማሹን የሚሰጠው «ተቀበል!» የሚለው ታዳሚ ነው። ዜማው የአገር፣ ግጥሙ የታዳሚ፤ ለእርሱ የቀረችው ያቺ ቀደም የምትል ደጋን ብቻ ነበረች። እርሷን ግን እስከ ዛሬ ከማንም እጅ አልሰማኋትም።

የሌላ አገር ምሳሌ ከፈለጋችሁ የብራዚሉን ሴፑልቱራ ስሙ። በ1996 «ሩትስ» የተባለውን አልበም ሲሠሩ ወደ ሻቫንቴ ሕዝብ መንደር ሄደው ከእነርሱ ጋር ቀድተዋል። የባሂያውን የምት ሰው ካርሊንሆስ ብራውንንም ጋብዘዋል። በአንደኛው ሥራ መግቢያ ላይ ቤሪምባው ይሰማል፤ እንደ ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው የብራዚል መሣሪያ ነው። በዚያ አልበም ከበሮው በመግቢያ አልቀረም፤ ድራሙ ውስጥ ገብቶ አካሄዱን ለወጠው፤ ጊታሩም ኖታውን ቀንሶ ለምቱ ቦታ ለቀቀ። መሣሪያው ቢወጣ እንኳ ምቱ ይቀራል። የእናንተ አምስተኛ ሥራ ላይ ግን ማሲንቆው ቢወጣ ምንም የሚጎድል ነገር የለም፤ ሞክሬዋለሁ፤ ከአርባኛው ሴኮንድ ጀምሬ ሰማሁት፤ አልጎደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ሰባተኛው ሥራ ለመናገር ነው፤ በጥያቄህ ላይ «ያልተጠናቀቀ፣ ቁጥር ለመሙላት ያስገባነው» ስላልከው። እርሱ የአልበሙ ልብ ነው።

ሪፉ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። አንቺ ሆዬ! ይህን ቅኝት ሜታል ጊታር ላይ በቁም ነገር ሲጫወቱት ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት ሦስት ቶን ነው፤ ብላክ ሳባዝ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተበት ያው አስፈሪ ርቀት። ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለው ግማሽ ቶንም ሜታል ጊታሪስት ጨለማ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚነካው ነው። እነዚያ ሰዎች ጨለማ ፍለጋ የሄዱባቸውን ሁለቱን ርቀቶች አንቺ ሆዬ አንድ ላይ ይዞ በሠርግ ቤት ሙሽራ ሲያሞግስ ኖሯል። ለዚህ ነው የእናንተ ሪፍ የሚያስፈራውም የሚያስደስተውም በአንድ ጊዜ። ይህን ስሜት ከፓንቴራም ከኤክስሆርደርም አልሰማሁትም።

ምቱ ደግሞ አለ። ድራመራችሁ በሌሎቹ ሥራዎች ምቱን በአራት ይከፍላል፤ ትክክል ነው፣ ግን ደረቅ ነው። በሰባተኛው ላይ እያንዳንዱን ምት በሦስት ይከፍለዋል፤ ትከሻ የሚያስመታን የእስክስታ ምት፣ 6/8። ይህም ከግሩቭ ሜታል ውጭ አይደለም። በጣም የታወቀው የፓንቴራ ሪፍ፣ የ1992ቱ «ዎክ»፣ በ12/8 የሚሄድ ነው፤ እርሱም በሦስት ይከፈላል። ግን የእነርሱ ሦስት ከብሉዝ የመጣ ነው፤ ክብደቱን መጀመሪያው ላይ ይጥላል፣ እግር ያስረግጣል። የእናንተ ልጅ ክብደቱን ሦስተኛው ላይ ጥሎ መጀመሪያውን ቀለል አድርጎ ያልፈዋል፤ ትከሻ ያነሣል። አንድ ዓይነት አከፋፈል ሆኖ ሌላ አካል ያንቀሳቅሳል። ይህን ያሰበበት አይመስለኝም፤ ሠርግ ላይ ቆሞ ያደገ እጅ ያመጣው ነው።

ድምፃዊውም በሰባተኛው ላይ ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ሲጮህ የአንሴልሞን ጉሮሮ ይዋሳል። በአማርኛ ሲጮህ ግን ቋንቋው ራሱ ይመታለታል። እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ አፍ ውስጥ ተስፈንጥረው ሲወጡ ስኔር ከተባለው ትንሹ ከበሮ ጋር ይጋጫሉ፤ የሚጠብቁትና የሚላሉት ፊደላት የራሳቸው ምት አላቸው። ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ቃል ላይ ሁለት ጊዜ አጥብቆ ይቆማል፤ ያ የፎካሪ አቋቋም ነው፤ «ዘራፍ!» ብሎ እንደሚነሣ ሰው። ይህንን የፓንቴራ ነው የሚል ማንም የለም።

የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። በአታ ለማርያም ማሕሌት ቆማችሁ ታውቁ ከሆነ፣ ከበሮው በመረግድ ቀስ ብሎ፣ ከብዶ፣ እያንዳንዱ ምት ወለሉን እየነካ ቆይቶ ነው በኋላ ወደ ጽፋት የሚፈጥነው። ፍጥነቱ የሚጣፍጠው ክብደቱ ስለቀደመ ነው። የማሕሌቱን ዜማ ወደ ጊታር አምጡ ማለቴ ፈጽሞ አይደለም፤ ያ ዜማ ባለቤትና ቦታ አለው፤ አትንኩት። ትዕግሥቱን ግን ተማሩ። የመጀመሪያውን ደቂቃ በግማሽ ፍጥነት ሞክሩት።

ስለዚህ ሁለተኛው ይውጣ። ከአምስተኛው ወይ ማሲንቆው ይነሣ፣ ወይ ጊታሩ ተመልሶ ይመልስለት፤ ሁለተኛውን ብትመርጡ እወዳለሁ፤ ማሲንቆ ተጫዋቹን ለልምምድ ጥሩትና ከድራመሩ ፊት ለፊት አስቀምጡት። ሰባተኛው ወደ መጀመሪያ ይምጣ። በሽፋኑ ላይ ምስጋና ስትጽፉ ፓንቴራንም ኤክስሆርደርንም በስማቸው ጥሩ፤ «የሌባ ሌባ» ላላችሁ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የላችሁም። አልበሙን ለማውጣት እስከ ሠርግ ወቅት ጠብቁ እንጂ አትፍሩ።

የሰባተኛውን የድራም ትራክ ለብቻው ላኩልኝ። ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ትልቁ ከበሮ ቤዙን በጥቂቱ የሚቀድምበት ቦታ አለ። በኮምፒውተር እንዳታስተካክሉት፤ መጀመሪያ እኔ ልስማው።